አስካለ ቤት መኪና ያቆምኩበት ማለዳ

ሚኒባሷን ከሸጥኩ ወዲህ ስልኬ ብሶበታል። ሥራ ሊሰጠኝ የሚደውል ግን የለም። «ጋሼ ተፈራ፣ ቅዳሜ ወደ ደብረ ብርሃን ልንወጣ ነው፤ የት እንብላ? ምን እንይ?» ይሉኛል የድሮ ደንበኞቼ። ጉልበቴ ፍሬን መርገጥ እንቢ ቢለኝ ጡረታ ወጣሁ እንጂ አፌ መቼ ጡረታ ወጣ! እነግራቸዋለሁ። ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ደውሎ ሥጋ ቤት የሚጠይቀኝ አለ፤ እሱን እሰድበዋለሁ። አሁን ሁሉንም ልጻፈውና ልገላገል። በዚያውም ስለ አንድ ማለዳ የምለው አለኝ።

ሥራ የጀመርኩት በደሴ መንገድ በጭነት መኪና ረዳትነት ነው። ቀጥሎ ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ሰርቪስ ነዳሁ። አለቃዬ ከሰው ይልቅ ለጎማ የሚያዝን ሰው ነበር፤ ጎማ ሲተነፍስ ፊቱ ይጠቁራል፣ ሠራተኛ ሲታመም «ነገ ይመጣል» ይላል። ደሞዙም ያው የሰው ደሞዝ ነው፣ ወር አያደርስም፤ ስለሱ ይብቃኝ። ከዚያ ነው ከአዲስ አበባ እንግዳ እያመጣ አንኮበርና ጣርማ በር የሚያስጎበኝ አንድ ድርጅት የቀጠረኝ። ሥራ የሚባለውን ነገር ያወቅኩት እዚያ ነው፤ ያሳወቀኝም የድርጅቱ አንጋፋ ሹፌር ጋሽ ዘውዴ ነው።

ጋሽ ዘውዴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። እንግዳ ይዞ ምግብ ቤት ሲደርስ በፊት ለፊት በር አይገባም። እንግዶቹን መኪና ውስጥ ትቶ በጓሮ ይዞርና ወጥ ቤቷን «እንዴት አደርሽ እናቴ፣ ዛሬ እጅሽ እንዴት ነው?» ይላታል። ወጥ ቤቷ ከሳቀች እንግዶቹን ያስገባል። ካጉረመረመች ወይም ዓይኗን ከሰበረች መኪናውን አስነስቶ ወደ ሌላ ቤት ነው። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ቢለምነው «ሌላ ጊዜ» ብቻ ነው መልሱ። እኔ መጀመሪያ ሰውዬው ዛር አለበት ወይ ብዬ ነበር። ኋላ እሱ ያለፈው ቤት ገብተው ሆዳቸውን ይዘው የወጡ ሰዎች ሳይ ገባኝ።

ቦታ ሲያሳይም እንደዚያው ነው። «ያማረ ነው፣ ታያላችሁ!» ብሎ አያውቅም። እኔ አዲስ ሳለሁ ከደብረ ብርሃን ጀምሬ ስለ አንኮበር ገደል እየለፈለፍኩ ስሄድ «አንተ ልጅ፣ ዓይናቸውን በአፍህ አትጨርስባቸው» አለኝ። አንኮበር ስንደርስ ከድሮው ቤተ መንግሥት ጉብታ በታች መኪናውን ያቆማል። እንግዳው በእግሩ፣ እያለከለከ ይወጣል። ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ጉም ነው፤ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። አዲስ አበቤው «ለዚህ ነው የመጣነው?» ብሎ ሲነጫነጭ ጋሽ ዘውዴ በሶውን በጥብጦ ይሰጠዋል። ጠጥቶ ሳይጨርስ ጉሙ ይገለጥና ቆላው በሙሉ፣ እስከ አፋር ድረስ፣ ከእግሩ ሥር ይዘረጋል። ያኔ የሚጮኸው እንግዳው ነው። ጋሽ ዘውዴ ዝም ብሎ ኩባያውን ይሰበስባል።

የኔ የምላቸው ቤቶች እንግዲህ እነዚህ ናቸው። ጥሬ ሥጋ ካማራችሁ ደብረ ብርሃን ገበያው አጠገብ ካሉት ሥጋ ቤቶች፣ ቆራጩ ራሱ ቁጭ ብሎ ሲበላ ያያችሁበት ቤት ግቡ። ጣርማ በር ከዋሻው አጠገብ የበግ ጥብስ አለ፤ የብርድ በግ ነው፣ ጮማው ጥርስ ላይ አይቆይም። በምኒልክ መስኮት በኩል ካለፋችሁ ጭላዳዎቹን እዩ፣ ግን ዳቦ አትስጧቸው፤ ኋላ መኪና ውስጥ ገብተው ራሳቸው ይወስዳሉ፣ የአንዲት ሴትዮ ቦርሳ ይዘው ገደል ሲወርዱ አይቻለሁ። ደብረ ሲና ስትወርዱ ቆሎ ሳትገዙ እንዳትመለሱ፤ ምግብ ከፈለጋችሁ ከባድ መኪናዎች የተደረደሩበት ቤት ይሻላል፣ ሹፌር በሆዱ አይቀልድም። ደብረ ብርሃን የተፈናቃዮች መጠለያው አጠገብ ደግሞ ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች አንዲት ሴት ጨጨብሳ ትሠራለች። እዚያ የወሰድኩት ሰው «ሌላ ጨምሪልኝ» ሳይል ተነስቶ አያውቅም።

ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ከወረዳችሁ ወይዘሮ ዘሃራ ቤት ግቡ። የክርስቲያን እንግዳ ይዤ ስመጣ ከሩቁ አይታ የፍየል ወጡን ድስት ትከድናለች። «የናንተን አውቃለሁ፤ እኔ ቤት በልታችሁ ቅር እንዲላችሁ አልፈልግም» ትልና ምስር፣ ጎመንና ፓፓያ ታቀርባለች። የሙስሊም እንግዳ ሲመጣ ድስቱ ይከፈታል፣ «ቢስሚላህ በሉ» ትላለች። ሁለቱንም አንድ ላይ ያመጣሁ ቀን ሁሉም ምስር በሉ፤ ማንም አልከፋውም።

አረቄ ከሆነ እትዬ አስካለ ቤት ነው። ደብረ ብርሃን ዳር፣ ወደ አንኮበር መውጫው ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አረቄዋን ሁለት ጊዜ ነው የምታወጣው፣ ማር ታገባበታለች፤ ጉሮሮ ሳያቃጥል ሆድ ያሞቃል። አግዳሚዎቹ ላይ የበግ ቆዳ አለ። ሰው ሲሰክር አትወድም፤ «ይበቃሃል፣ ቤትህ ግባ» ያለችው ጎረምሳ አጎንብሶ ይወጣል እንጂ አይመልስላትም። እውነቱን ልናገር፣ ከቦታዎቼ ሁሉ የምኮራባት እሷ ቤት ነበረች። ጋሽ ዘውዴ ግን አንድ ሕግ ነበረው፦ ጉዳይ ያለው እንግዳ አረቄ ቤት የሚቆመው ሲመለስ ነው፤ ሲሄድ አይቆምም።

አሁን ወደ ማለዳው ልምጣ። ጋሽ ዘውዴ ጡረታ ከወጣ በኋላ የራሴን ሚኒባስ ገዝቼ እየሠራሁ ሳለ ዳዊት የሚባል ወጣት መሐንዲስ ደንበኛ ነበረኝ። ሻይ እንጂ ሌላ የማይጠጣ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። አንኮበር ጉብታው ላይ ድንጋይ አንሸራትቶት ቁርጭምጭሚቱ ዞረና ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ያሰረችለት ነርስ ትዕግሥት ትባላለች። ቁርጭምጭሚቱ ቶሎ ዳነ፣ መምጣቱ ግን አልቆመም። በየሳምንቱ «ጋሼ፣ አንኮበር እንሂድ» ሲለኝ «ጉሙን ልታይ ነው?» እያልኩ አበሽቀው ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን «ሽማግሌ ልልክ ነው፤ አንተው ውሰድልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ፣ የገዛ ልጄ የሚያገባ ያህል።

የእሑድ ሌሊት ተነስተን ከአዲስ አበባ ወጣን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፦ የዳዊት አጎት አቶ ግርማ፣ አንድ ጡረተኛ መምህርና የዕድራቸው ዳኛ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ጨዋታ አዋቂ። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ መንገዱን ሁሉ ስለ እትዬ አስካለ አረቄ ሳወራ ነጋ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ነበር። አቶ ግርማ በስስ ኮት ነው የመጡት።

«ተፈራ፣ ጥርሴ ሊረግፍ ነው። ያቺ ስታሞግሳት ያደርካት ሴትዮ ቤቷ የት ነው?»

«መንገዳችን ላይ ነው፤ ግን ስንመለስ ይሻላል» አልኩ።

«ስንመለስማ ፀሐይ ይወጣል፣ ምን ያደርግልናል! አንድ አንድ ብቻ፤ ለብርዱ» አሉ መምህሩ።

ፍሬን ረገጥኩ። እትዬ አስካለ በሩን ከፍታ ስታየን «ኧረ ዛሬ ሰንበት ነው፤ ቅዳሴ እንኳ አልወጣ!» ብላ ነበር። አቶ ግርማ ጉልበቷን ሊስሙ አጎነበሱ፣ ሳቀች፣ ቀዳች። አንዱ መለኪያ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሦስት። ስንወጣ ሽታውን ይገድለዋል ብለን ሁላችንም ቆሎ ቃምን። እኔ የምነዳ ነኝና አልቀመስኩም፤ ቆሎውን ግን ቃምኩ።

የትዕግሥት አባት አቶ ሽፈራው ከአንኮበር ከተማ፣ ከጎረቤላ፣ አለፍ ብሎ ነው ቤታቸው፤ ገበሬ ናቸው፣ ቀጥ ያሉ ሰው። ስንደርስ ከቅዳሴ ተመልሰው ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር እንደማይቀመጥ የማያውቅ የለም። ተቀመጡ ቢባል እንኳ «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» ነው ወጉ። አቶ ግርማ ግን አረቄው ሞቅ አድርጓቸው ደጁ ላይ ያለውን መደብ ሲያዩ ዘፍ አሉበት። አቶ ሽፈራው ሊጨብጧቸው ጎንበስ ሲሉ ደግሞ አፍንጫቸው ተነፋ።

«የት ነው የጠጣችሁት?» አሉ በቀስታ።

ጨዋታ መስሏቸው አቶ ግርማ ፈገግ አሉ። «አስካለ ቤት ነዋ! እርስዎም ያውቋታል?»

«ስሟን አውቃለሁ። ደጇን ረግጬ አላውቅም።» እጃቸውን መለሱ። «ልጄ ተሾመ ከእሷ ቤት ወጥቶ ነው ሜዳ ላይ ውርጭ የገደለው። አንዱን ልጅ በወሰደብኝ አረቄ አፋችሁን ታጥባችሁ ሌላዋን ልትጠይቁኝ መጣችሁ? በሉ፣ መንገዱን ታውቁታላችሁ።»

ገብተው በሩን ዘጉ። አባት እምቢ ማለቱ ነውር አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ እሺ የሚልም የለም። «እስቲ ዘመድ ላማክር፣ በዚህ ቀን ተመለሱ» ይላል፣ ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ነገሩ ይበስላል። እሳቸው ግን ቀን አልቆረጡልንም። ቀን ያልተቆረጠለት ሽማግሌ ደግሞ ዳግም አይመጣም ማለት ነው፤ ነገሩ አልቋል።

ትዕግሥት ሮጣ መኪናው ጋ ደረሰችብን። ዓይኗ ቀልቷል። «ጋሼ ተፈራ፣ ለአባቴ ከተሾመ ወዲህ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እሱ ሳይመርቀኝ ዳዊትን አላገባም። ይህን ንገሩት፣ አይጠብቀኝ።»

ውርጭ የገደለው ወጣት እንደነበረ ድሮ ሰምቻለሁ፤ የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ከየት ወጥቶ እንደሆነም አልጠየቅኩም። ሲመለሱ አቶ ግርማ ኮታቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ። ከምግብ ቤት ምግብ ቤት ስመርጥ የኖርኩ ሰው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ለሦስት ሽማግሌ ብርድ ብዬ የሁለት ልጆች ትዳር ጣልኩ። ያን ሳምንት ዳዊት ሲደውል ስልኩን እያየሁት ይጠራ ነበር። ካነሳሁትም በኋላ ልጁ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እሱ ነው የባሰው።

ጋሽ ዘውዴ ዘንድ ሄድኩ። ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘሁት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣኝም።

«ቀን አልቆረጠላችሁም?»

«አልቆረጠም።»

«እንግዲያው ቆመን እናስቆርጠዋለን። እሑድ እኔና አንተ እንሄዳለን። እህል እንዳትቀምስ።»

«እኔ ምን ሽማግሌ ነኝ ጋሽ ዘውዴ፣ ሹፌር አይደለሁም እንዴ?»

«ሽበትህን በመስታወት እየው» አለኝ።

እሑድ ደረሰ። ጋሽ ዘውዴ መኪናውን ከመንደሩ ብዙ ርቆ አስቆመኝ፤ ቀሪውን በእግር ወጣን። እሱ በከዘራ፣ እኔ ባመመኝ ጉልበት። አቶ ሽፈራው ደጅ ስንደርስ ከአጥሩ ውጭ ቆምን። ጉም ነበር፣ ነጠላችን ረጠበ። ባለቤታቸው ወጥተው «ኧረ በእመብርሃን ግቡ!» ብለው ለመኑን፤ ጋሽ ዘውዴ ራሱን ነቀነቀ። ቆየን። እግሬ ደነዘዘ። በመጨረሻ አቶ ሽፈራው ራሳቸው ወጡ።

«ስለ ልጅቱ ከሆነ ተናግሬያለሁ» አሉ ከአጥሩ ወዲያ።

ጋሽ ዘውዴ ባርኔጣውን አወለቀ። «ስለ ልጅቱ አይደለም። እነዚያ ሽማግሌዎች ልቅሶ ሳይደርሱ ሰርግ ጠየቁ። እኔ ለልቅሶው ነው የመጣሁት። እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ለተሾመ ነፍስ ይማር።»

አቶ ሽፈራው አጥሩን ያዙ። እኔም «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩ። ሽማግሌዎቹን እዚያ ቤት ያቆምኳቸው እኔ መሆኔን፣ ዳዊት አረቄ በአፉ የማይዞር ልጅ መሆኑን ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። ኋላ ወደኔ ዞሩ።

«ለሰው ቦታ የምታሳየው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ያንን ቤት አሳየኝ። ልጄ መጨረሻ የተቀመጠበትን ማየት እፈልጋለሁ።»

በሥራ ዘመኔ ስንቱን ጭኜ ስንት ቦታ አሳይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን መሪ ከብዶኝ አያውቅም። እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው መንገዱን ብቻ ያያሉ። ጋሽ ዘውዴ ከኋላ ነው። እትዬ አስካለ ቤት ስንደርስ ቀድሜ ገብቼ «የተሾመ አባት ናቸው» አልኳት። የያዘችውን መለኪያ አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች።

«የት ይቀመጥ ነበር?» አሉ አቶ ሽፈራው በሩ ላይ ቆመው።

ከመስኮቱ ሥር ያለውን አግዳሚ አሳየቻቸው። ሄደው ተቀመጡበት። በእጃቸው የበግ ቆዳውን ዳሰሱት።

«ያን ዕለት አንድ ብቻ ነው የቀዳሁለት» አለች። «ከሌላ ቤት ጠጥቶ ነው የመጣው፤ ‹ይበቃሃል፣ ቤትህ ግባ› አልኩት። ‹እዚሁ ልደር› አለኝ። አባቴ፣ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፣ ወንድ ባሳድር ሰፈሩ ምን ይለኛል ብዬ አስወጣሁት። ሲወጣ ሲንቀጠቀጥ ሳየው ጋቢዬን ከትከሻዬ አውርጄ ደረብኩለት። ከዚያ ወዲህ ባሳድረው ኖሮ እያልኩ አለሁ። ይኸው ነው፣ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ።»

አቶ ሽፈራው ቀና አሉ። «ጥለቱ አረንጓዴ ነው?»

«ምኑ አባቴ?»

«ጋቢው።»

እትዬ አስካለ አፏን በእጇ ያዘች። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«በዚያ ተጠቅልሎ ነው ያገኘነው» አሉ። «ማን ደረበለት እያልን ስንት ጊዜ ጠየቅን። እናቱ አጥባ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ለድሃ እንስጠው ብላት እንኳ እንቢ አለችኝ።»

ሁለቱም አለቀሱ። እኔና ጋሽ ዘውዴ ግድግዳው ሥር ቆመን፣ እንባችንን በነጠላችን እየጠረግን ወለሉን እናያለን። አቶ ሽፈራው ቆይተው ተነሱና ትከሻዋን ያዟት።

«ጋቢሽን እልክልሻለሁ» አሏት። «ለትዕግሥት ሰርግ ለብሰሽው ነይ።»